የቆጥቋጣው አራት ነጥብ

ወንድሜን አልወደውም። ይህን ከመነሻው ተናግሬ ልገላገል፤ በኋላ ስለ እሱ አንድ መልካም ቃል ካመለጠኝ ሳላስበው ነው። ሥራው ጌም መገምገም ነው። ሌላው ዓመታት ለፍቶ የሠራውን ጌም ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ይጫወትና ከአስር ነጥብ ይሰጠዋል፤ የሚሠራበት ድረ ገጽ ደግሞ ያንን ቁጥር ከጌሙ ስም ጎን በትልቁ ይለጥፈዋል። አንባቢዎቹ «ቆጥቋጣው» ነው የሚሉት። ከስምንት በላይ ሰጥቶ አያውቅም፤ ስምንት የሰጠ ዕለትም ትኩሳት ይዞት ነበር እያሉ ያሙታል። የሚጽፉለትን ስድብ አንድም ሳያስቀር ያነበዋል፣ ፊደል የገደፉትን አርሞ ይመልስላቸዋል፣ ሌላ መልስ የለውም።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። እኔ ጌም እሠራለሁ፣ እሱ ጌም ይገድላል። እናታችን እሱን «ትልቁ» እኔን «ትንሿ» እያለች ነው ያሳደገችን፤ ሁለታችንም ፀጉራችን ሽበት ጀምሮት እንኳ ስሙ አልተለወጠም። ልጆች ሳለን ሥዕል ሥዬ ሳሳየው ግንባሩን አኮማትሮ፣ ወረቀቱን አራርቆ አቅርቦ ያይና «አምስት» ይለኛል። ለምን አምስት ስለው «ውሻው ጥሩ ነው፤ ቤቱ ግን ሰው አይገባበትም፣ በሩ ከውሻው ያንሳል» ይላል። ሄጄ በሩን አተልቄው ስመለስ «አምስት ተኩል»። የቀረችውን ግማሽ ምን ልሥራባት ብዬ ያለቀስኩበት ቀን አለ። ሌላ ወንድም ቢሆን እህቱ ስታለቅስ ስድስት ይላት ነበር።

አንዴ አግብቶም ነበር። ሚስቱ አዲስ ቀሚስ ለብሳ «እንዴት ነኝ?» ብትለው ትንሽ አሰበና «ስድስት» አላት። እሱ በልቡ አሞግሷታል፤ እንዲህ ያለ ነጥብ በዘመኑ ለሰው አልሰጠም። እሷ ግን የታያት ከአስር መጉደሉ ነው። ትዳሩ የፈረሰው በዚያ ብቻ ነው አልልም፤ ሆኖም ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ያነሳችው የዚያኑ ቀሚስ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ተመልሶ እናታችን ቤት ገባ። ከሳሎኑ ቀጥላ ያለችውን ክፍል ወፍራም መጋረጃ ጋረደባት፤ መቀመጫው በፕላስተር የተጠገነ የቆዳ ወንበርና ግድግዳውን የሚሞላ ስክሪን አስገባባት። ሁለት ጆይስቲክ አለው። ጥቁሩ የእሱ ነው፣ ማንም አይነካውም። ነጩ የእናታችን ነው።

ነጩ የእናታችን የሆነበትን ምክንያት ለመንገር አሠራሩን መንገር አለብኝ። ሌሎች ገምጋሚዎች ከአስር ይነሱና ጉድለት ባዩ ቁጥር ይቀንሳሉ። እሱ ከዜሮ ነው የሚነሳው። «አስር ይዞ የተፈጠረ የለም» ይላል። ጌሙ አንድ ነጥብ እንዲያገኝ አንድ ነገር በደንብ መሥራት አለበት፤ ያም ነገር በግምገማው መጨረሻ በግልጽ ይጻፋል፣ አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ እየተባለ። ባለቤት የሌለው ነጥብ የለም። ጉድለት ሲያገኝ አፉ እንዳመጣለት ይሰድባል እንጂ ነጥብ አይቀንስም፣ ያልሰጠውን ምን ብሎ ይቀንሳል።

ጌም ሲጀምር መጀመሪያ የሚያደርገው አታድርግ የተባለውን ነው። ሂድ ሲሉት ይቆማል፣ በሩን ትቶ ግድግዳውን ይገፋል፣ የሚያናግረውን ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ይዘላል። ከዚያ አንድ ቦታ መፈለግ ይጀምራል፤ ሠሪው የሰለቸበትን ቦታ። በየጌሙ ውስጥ ሠሪው ደክሞት «ይለፍ» ብሎ የተወው አንድ ቦታ አለ ባይ ነው። ካገኘው እንደ ጥርስ ሐኪም እዚያው ላይ ይቆፍራል። ጌሙን እስከ መጨረሻው ሳይጨርስ አንድ መስመር አይጽፍም፤ ይህን ጠላቶቹም ያምኑለታል፣ እኔም አምንለታለሁ፣ ጠላቱ ስለሆንኩ።

ሁሉን ሲጨርስ የእናታችን ተራ ይደርሳል። እናታችን ምድጃ ላይ ድስት ትጥድና ነጩን ጆይስቲክ ይዛ ትቀመጣለች። ድስቱ የሕጉ አካል ነው። እሷ ስክሪኑን ታያለች፣ እሱ እጇን ያያል። ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር ጆይስቲኩን አስቀምጣ ወደ ማድቤት ከሄደች ጌሙ አንድ ነጥብ አመለጠው። ካላስቀመጠች አንድ ነጥብ አገኘ፤ በግምገማውም ላይ «አንድ፤ እናቴ አላስቀመጠችም» ተብሎ ይጻፋል። ሌላ አገር ያሉ ጌም ሠሪዎች የእናቴን ነጥብ አገኘን ብለው ሲኩራሩ አይቻለሁ። በዚያ ቤት ድስት ያረረባቸው ጌሞች ግን በጣም ጥቂት ናቸው።

እኔና አንድ የድምፅ ባለሙያ ጓደኛዬ፣ ከልብስ ስፌት ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ፣ የስፌት መኪናው ጩኸት እየነዘረን፣ ዓመታት የፈጀ አንድ ጌም ሠራን። አንድ ተሸካሚ የቁም መስታወት ጀርባው ላይ አዝሎ በከተማው ውስጥ ደረጃ ይወጣል፣ ደረጃ ይወርዳል። ከፈጠነ መስታወቱ ይወዛወዛል፣ ከተወዛወዘ ይሰበራል። ስለዚህ በየመሃሉ መቆም ያስፈልጋል፤ አውራ ጣትን ከጆይስቲኩ ላይ ፈጽሞ ለቆ፣ መስታወቱ እስኪረጋ መጠበቅ። የሌላው ሰው ጌም ሁሉ ግፋ፣ ሩጥ፣ ተኩስ ይላል፤ የእኛ ልቀቅ ይላል። መስታወቱ ለማን እንደታዘዘ የሚታወቀው ተሸካሚው የመጨረሻውን በር ሲያንኳኳ ነው። እናቴ ኮምፒውተር ላይ እንደምሠራ ታውቃለች፣ ምን እንደምሠራ ግን ነግሬያት አላውቅም። ያለቀለትን ይዤላት መሄድ ነበር ሐሳቤ።

ጌሙን በየአገሩ የሚያሰራጭልን አንድ አከፋፋይ ተገኘ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ቆጥቋጣው የሚሠራበት ድረ ገጽ ከአራት በታች ከሰጠን አይወስደንም። እሱ ካልወሰደን ደግሞ ሌላ በር አልነበረንም፤ ክፍሏን ለባለቤቷ አስረክበን፣ ጌሙን ቀብረን፣ የየራሳችንን እንጀራ ልንፈልግ ነው። የድረ ገጹ አለቃ ቆጥቋጣው ወንድሜ መሆኑን ስለሚያውቅ ግምገማውን ለሌላ ሊሰጥ አስቦ ነበር። ወንድሜ «ሌላው ያዝንላታል» ብሎ እምቢ አለ አሉ። አለቃውም ትከሻውን ሰብቆ ተወለት። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሰው ለራሱ ሲቆርስ አያሳንስም ይባላል፤ ይኸኛው ለእህቱ ሲቆርስ ቢላዋውን ጠበቅ የሚያደርግ ነው።

ግምገማው ወጣ። አራት።

አራት ትበቃን ነበር። በአፍንጫችን ተንጠልጥለንም ቢሆን አልፈናል። ነገር ግን ከቁጥሩ በላይ ያለው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «ተሸካሚው መቆም አይችልም። ጣቴን ስለቅ ወደ ግራ ይንሸራተታል። መቆምን የጌሟ ሕግ አድርጋ፣ ሰውዬውን መቆም ሳታስተምር ለገበያ ማቅረብ ድፍረት ይጠይቃል።» ቀጥሎም፣ «የጌሙ ሦስተኛ ደረጃ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ሠሪዋ እዚህ ላይ ሰልችቷታል።» ነጥቦቹን ሲቆጥር አንዱን ለድምፁ ሰጠ፣ የየደረጃው ኮቴ የተለያየ ስለሆነ። አንዱን ከተማው በመስታወቱ ውስጥ ስለሚታይ። አንዱን ጌሙ መመሪያ ሳያነበንብ አፉን ዘግቶ ስለሚያጫውት። አራተኛውን ደግሞ በሁለት ፎቆች መካከል ለተጋደመችው ሳንቃ፤ «እዚህ ቦታ ብቻ ያ የማይረባ መንሸራተት ነፍስ ዘራ። ወደ ግራ ሲጎትተኝ፣ ወደ ቀኝ ስታገል መዳፌ ላበ።» የእናቴ ነጥብ የለም።

ሦስተኛውን ደረጃ ጉንፋን ጥሎኝ በነበረበት ሳምንት ከመጀመሪያው ገልብጬዋለሁ። ማንም አይደርስበትም ብዬ ነበር። ስለደረሰበት የበለጠ ጠላሁት። የእናቴ ነጥብ መቅረቱ ግን ሌላ ነው፤ ያ ቅስሜን ሰበረው። እናቴ የእኔን ጌም አስቀምጣ ወደ ድስቷ ሄደች ማለት ነው።

አንባቢው ተሸካሚያችንን መሳቂያ አደረገው። አከፋፋዩም ደወለ። «አራቷ ትበቃናለች፤ መንሸራተቱ ግን ያስፈራናል። ወይ አስተካክሉት፣ ወይ ገምጋሚው ተሳስቼ ነው ብሎ ይጻፍ፤ ካልሆነ ይቅርብን» አለ። ምኑን እናስተካክል? በእጃችን ባለው ጆይስቲክ ሁሉ ሞከርነው፣ ከጎረቤትም ተውሰን ሞከርነው። ተሸካሚው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጓደኛዬ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጥሎ «ወይ እኛ አብደናል ወይ ወንድምሽ አብዷል» አለኝ። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።

በሩን የከፈተችልኝ እናቴ ናት፤ በእጇ የሽቦ መፈግፈጊያ ይዛለች። ማድቤት ውስጥ ቂጡ የጠቆረ ድስት ውሃ ተሞልቶ ተቀምጧል።

«ምን ሆኖ ነው እማዬ?»

«ይሄ ትልቁ የሚሰጠኝ ጌም ነው። አሳረረብኝ። ስፈገፍገው ከረምኩ፣ አልለቅ አለ» አለች።

የትኛው ጌም ብዬ ለመጠየቅ ትዕግሥቱ አልነበረኝም። ሳላንኳኳ የወንድሜን ክፍል ከፍቼ ገባሁ። ዞር ብሎም አላየኝም።

«አራት ሰጥቼሻለሁ። ምን ቀረሽ?»

«ጌሜ አይንሸራተትም።»

«ይንሸራተታል።»

«እስቲ አሳየኝ፣ ጋሼ።» ጋሼ ያልኩት ለክብሩ እንዳልሆነ ገብቶታል።

ጌሙን ከፍቶ ጥቁሩን ጆይስቲክ አነሳ። ተሸካሚው አምስት ስድስት ደረጃ ወጣ፤ መስታወቱ መወዛወዝ ሲጀምር ወንድሜ ጣቱን ለቀቀ። ሰውዬው ቆመ፤ ወዲያው ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። ለካ እውነቱን ነው። አንድ አፍታ ጌሜን ራሱ ጠላሁት።

«አየሽ?» አለ።

ያየሁት ስክሪኑን አልነበረም። እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ፤ እጁን ነበር የማየው። አውራ ጣቱ ከምትገፋው የጆይስቲክ ጉብታ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተነሳችም።

«ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው» አልኩት።

«ለምን?»

«አስቀምጠውና እጅህን አንሳ።»

አስቀመጠው። ጆይስቲኩን ማንም አልያዘውም፣ ማንም አልነካውም። ተሸካሚው ግን ወደ ግራ ሄደ፣ ሄደ፣ ከደረጃው ጠርዝ አለፈና ከነመስታወቱ ወደቀ። ጥቁሩን ነቅዬ ነጩን ሰካሁና ከጎኑ አስቀመጥኩት። ተሸካሚው እንደገና ቆመ። ጠበቅን። አልተነቃነቀም። መስታወቱ ረጋ፣ ውስጡ ያለችው ከተማም ረጋች።

ወንድሜ ጥቁሩን መልሶ ሰካና ሌላ ጌም ከፈተ፣ የሚወደውን አሮጌ ጌም። ጆይስቲኩን አስቀመጠው። የዚያም ጌም ጀግና ወደ ግራ ሄደ። በግራ አውራ ጣት የሚገፋው፣ ተጫዋቾች አናሎግ የሚሉት ጉብታ፣ ከአገልግሎት ብዛት ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። ስንት ጊዜ እንደሆነው ማን ያውቃል። ሌላ ጌም ላይ እጅ ሁልጊዜ ይገፋል እንጂ አይለቅም፤ ስለዚህ ጣቱ ሳትነግረው ወደ ቀኝ መደገፍን ለምዳለች። ጉልበቱ ላይ ያረፈችውን አውራ ጣቱን አየኋት። ያኔም ወደ ቀኝ አጋድላ ነበር። ልቀቅ ያለው የመጀመሪያው ጌም የእኔ ሆነና ጥፋቱ እኔ ላይ ተደፈደፈ።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አልኩት። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለውስ?» ሳቅኩ፣ ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት፣ ደስታዬን መደበቅ አላስፈለገኝም። ዕድሜዬን ሙሉ በር አስተካክዬ ስመለስ ግማሽ ነጥብ የወረወረልኝ ሰው ጆይስቲኩ ተበላሽቶ ሳያውቅ ቀርቷል።

«ውጪልኝ፤ ልጫወተው ነው» አለ።

«ከየት?»

«ከመጀመሪያው። በነጩ።»

ማድቤት ሄጄ ከእናቴ ጋር ተቀመጥኩ። ለጓደኛዬ ደውዬ «ተቃና፣ ሊያርመው ነው» አልኩት። እሱም እዚያ ማዶ ሲጮህ የስፌት መኪናው ቆሞ ይሰማኛል። እናቴ ድስቷን ስትፈገፍግ፣ እኔ ሽንኩርት ስልጥላት፣ ከውስጥ የእኔ ተሸካሚ ኮቴ እየተሰማ ከሰዓት በኋላው ሄደ። ወንድሜ ብቅ ያለው ሽንኩርቱ በስሎ ካለቀ በኋላ ነው። ፊቱ ገርጥቷል።

«እርማት እጽፋለሁ» አለ። «መንሸራተቱ የጆይስቲኬ ነው፣ የጌሙ አይደለም። ይህን ራሴ ነኝ ያጠፋሁት ብዬ በስሜ አወጣዋለሁ።»

ላመሰግነው አፌን ከፍቻለሁ።

«ውጤቱም ሦስት ይሆናል።»

«ምን አልክ?»

«አራተኛውን የሰጠሁት ለሳንቃው ነው። ዛሬ በነጩ ተሻገርኩት። ቀጥ ብዬ ሄድኩ፣ አለቀ፤ ምንም የለበትም። መዳፌን ያላበው የጌምሽ ትግል አልነበረም፣ የጆይስቲኬ ነበር። የእሱን ነጥብ ላንቺ ልተውልሽ?»

«መንሸራተቱን ስታነሳልኝስ የምትጨምረው የለም?»

«መቼ ቀንሼበት! ከዜሮ እንደምነሳ አታውቂም?»

አውቃለሁ። ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። አራቷን ይዤ ቁጭ ብል፣ ለአከፋፋዩ በትዕግሥት ባስረዳ፣ በነጩና በጥቁሩ ቪዲዮ ቀርጬ ብልክለት ይበቃ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለችው እኔ ነኝ፤ እኔስ የምለቅመውም የለኝም። አርም ብዬ ሮጬ መጣሁ፣ እሱም አረመኝ።

ከዚያ ወዲያ የተናገርኩትን ሁሉ አልደግመውም። ሚስትህ እንኳን ጥላህ ሄደች ብያለሁ፤ እናቴ «ተይ አንቺ!» እስክትል ድረስ። እሱም ወደኋላ አላለም። «ጓደኞችሽ ግሩም ነው እያሉ አሳድገውሽ፣ የገለበጥሽውን ደረጃ እንኳ የሚነግርሽ ሰው የለሽም» አለኝ። ድምፁን ሳያነሳ ነው የሚሳደበው፣ ያ ነው የሚያንገበግበኝ።

«እሺ፣ የእማዬስ ነጥብ?» አልኩት ያለ የሌለ ኃይሌን ሰብስቤ። «ድስቱ ሲፈላ አስቀመጠችው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አሸሸብኝ።

«አላስቀመጠችም።»

«አላስቀመጠችም?»

«ድስቱ አረረ። ጭሱ እስከ ሳሎን ነው የመጣው። ግን አልቆጠርኩትም። ለልጇ የማታደላ እናት የለችም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይሉኛል ብዬ ተውኩት።»

ያን የጠቆረ ድስት ያሳረረው የእኔ ጌም ነበር። ንዴቱ በአዲስ መልክ መጣ። «አንተ ለምን የማን ጌም እንደሆነ ትነግራታለህ?»

«እኔ? እኔ የአንዱንም ጌም ሠሪ ነግሬያት አላውቅም። አንቺ አልነገርሻትም?»

«እኔ አልነገርኳትም።»

ሁለታችንም ወደ እናታችን ዞርን። መፈግፈጊያዋን ይዛ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ታያለች።

«የቱን ጌም ነው የምትሉት?» አለች።

«ተሸካሚው፤ መስታወት አዝሎ የሚሄደው» አልኳት።

«እሱ ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው እማዬ። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ምናለ ብትነግሪኝ፣ ልጄ። እኔ እኮ ሌላ ሰው የሠራው መስሎኝ…» አልጨረሰችውም። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞራ ቆጣ አለች። «አንተ ደግሞ ለማን እንደሚያደርሰው ሳላይ ነጠቅከኝ። ድስት አረረ፣ ድስት አረረ እያልክ። እኔ መቼ ድስት አማረኝ? ያን ሁሉ ደረጃ ተሸክሞ ለማን እንደሚወስደው ማወቅ ነበር የፈለግኩት።»

ወንድሜ ማድቤቱ በር ላይ እንደቆመ ቀረ። ላለማድላት ብሎ አዳላ፤ በእኔ ላይ አዳላ። ደስ አለኝ፣ ግን ያሰብኩትን ያህል አልነበረም። እናቴ «ሌላ ሰው የሠራው መስሎኝ» ያለችው ጆሮዬ ላይ ቀርቷል።

ክፍሉ ገብቶ ጻፈ። ከኋላው ቆሜ ሳነብ አልከለከለኝም። እርማቱ አጭር ነው። ጆይስቲኬ ተበላሽቶ ሳላውቅ ሠሪዋን ሰድቤያለሁ አለ። ከሳንቃው ላይ አንዱን ነጥብ አንስቻለሁ አለ። ቀጥሎ እንዲህ ጻፈ፤ «አንድ፤ እናቴ አላስቀመጠችም። ይህን ነጥብ ደብቄው ነበር። እናቴ የሠሪዋም እናት ናት፤ የልጇ ሥራ መሆኑን ግን አታውቅም ነበር። እኔ የሠሪዋ ወንድም ነኝ፤ ይህን ከመጀመሪያው መናገር ነበረብኝ። ውጤት፣ አራት።»

«ያው አራት» አልኩት።

«ያው አይደለም» አለና ላከው።

አከፋፋዩ በኋላ ተቀብሎናል። አንባቢዎቹ ደግሞ ቆጥቋጣው የሚለውን ትተው «ወደ ግራ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ እሱም ፊደላቸውን እያረመ ይመልስላቸዋል። ያን ዕለት ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም፣ እኔም ኮቴን ለብሼ ልወጣ ስል እናቴ ነጩን ጆይስቲክ ይዛ የተጠገነው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ካቆምኩበት ክፈቱልኝ» አለች።

ከፈትኩላት። ወንድሜ እንደ ልማዱ ከጎኗ በርጩማ ስቦ እጇን ማየት ጀመረ። እኔም አየሁ። ተሸካሚው ወጣ፤ መስታወቱ ተወዛወዘ፤ ማንም ሳይነግራት አውራ ጣቷን ወደ ላይ አንስታ ትንፋሿን ያዘች። ዓመታት ሙሉ ከስፌት መኪና በላይ ተቀምጬ የፈለግኩት ያችን ጣት ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ እሱ እንዳያየኝ ወደ መጋረጃው ዞርኩ።

ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደረሰች።

«ይኸውልሽ» አለ ወንድሜ። «ግልባጭ ነው።»

«ታምሜ ነበር አልኩህ።»

«አላልሽኝም። ብትይኝም ያው ነው።»

«አንተ በተሰበረ ጆይስቲክ…»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «መስታወት ተሸክሜአለሁ።»